«ሦስት ሺህ ዓመት ካልረሳት፣ እኔ በአራት ዓመት ምን አገኛለሁ?»

ጤና ይስጥልኝ። የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ጣሊያን፣ ቶሪኖ ነው። ቀን ቀን አንዲት አሮጊት እንከባከባለሁ፤ ማታ ማታ በቴሌግራም በክፍል በክፍል የሚወጣ ልብ ወለድ እጽፋለሁ። ዋናው ገጸ ባሕርይ የጥንት ግብፅ ሰው ነው። ዴር ኤል መዲና በምትባለው መንደር የነገሥታትን መቃብር ሥዕል ይነድፍ ነበር። ሞተ፣ ተከፈነ፣ ከሦስት ሺህ ዓመት በኋላ እዚህ ቶሪኖ ሙዚየም ውስጥ ነቃ። ሬሳ ነው፤ ግን ያወራል። ምላሱ ደግሞ መርዝ ነው። ጎብኚውን ይተርባል፣ ጥበቃውን ይተርባል፣ የራሱን የደረቀ እጅ ሳይቀር ይተርባል። አንባቢዎቼ «ጋሽ ከፈን» ብለውታል፤ በጣም ይወዱታል።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ይሄ ሰውዬ አፍቅሮ አያውቅም?» እኔም ሚስት ፈጠርኩለት። መጻፍ ስጀምር ግን እጄ ወደ ራሴ ታሪክ ሄደ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አዲስ አበባ እጮኛዬ ሞቶብኛል። ኩላሊቱን ታሞ ነበር። እንዳልጨነቅ ብሎ ደበቀኝ፤ ሳውቅ ጊዜው አልፎ ነበር። ብርቱካን ሲልጥ የመጀመሪያዋን ፍልቃቂ ሁልጊዜ ለእኔ ነበር የሚሰጠው። ጋሽ ከፈንም ሮማን ፈልፍሎ የመጀመሪያውን እፍኝ ለሚስቱ ይሰጣል። ሳላስበው ነው የገባው።

ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው። ከተጋባን አራት ዓመት ሆነን። እጮኛ እንደነበረኝና እንደሞተ ያውቃል፤ ከዚያ በላይ ግን ምንም አያውቅም። አንዳንዴ ይጠይቀኛል፤ እኔ በቀልድ አልፈዋለሁ። ባለፈው ወር ላፕቶፑን ክፍት ትቼው ረቂቁን አነበበው። እዚያ ውስጥ ጋሽ ከፈን አሁን የቀረበችውን የሙዚየሙን የቅርስ ጥገና ባለሙያ «አንቺ ደግ ነሽ፤ እሷን ግን አታክይም» ይላታል። ባለቤቴ አልተቆጣም። «ሦስት ሺህ ዓመት ካልረሳት፣ እኔ በአራት ዓመት ምን አገኛለሁ?» አለኝና ተኛ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ጭጭ ብሏል። ይበላል፣ ያመሰግናል፣ ፊቱን አዙሮ ይተኛል።

ጓደኛዬ «አጥፊው፤ ትዳርሽ ይበልጣል» ትለኛለች። አንባቢዎቼ ቀጣዩን ክፍል እየጠበቁ ነው። የእጮኛዬ ታናሽ እህትም ከእነሱ አንዷ ናት፤ ሮማኑን ካየች ወዲያው ይገባታል። ምን ይመክሩኛል? ፍቅሩን ልሰርዘው? ታሪኩን ላቁመው? ወይስ ባሌ ልብ ወለድ መሆኑን ይልመደው?

ከቶሪኖ

እህቴ፣

ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። መጀመሪያ ባለቤትሽ ያላት ነገር ላይ ትንሽ እንቆይ። እሱ በሬሳ የቀና ሰው አይመስለኝም። ልብ ወለድ ምን እንደሆነም አይጠፋውም። አራት ዓመት አብሮሽ ሲኖር ስለዚያ ሰው አልፎ አልፎ ጠይቆሻል፣ አንቺም ስቀሽ አልፈሽዋል፤ ከዚያ አንድ ቀን ማታ ለእሱ ያልነገርሽውን ነገር ለማታውቂያቸው ሰዎች ቁጭ ብለሽ ስትናገሪ ላፕቶፕ ላይ አገኘው። ያመመው ይሄ ይመስለኛል። «ምን አገኛለሁ?» ሲል ደግሞ ከልቡ እየጠየቀ ነው። ፊቱን አዙሮ የሚተኛውም መልሱን ገና ስላልሰማ ነው ብዬ እገምታለሁ።

ስለዚህ እንደ ጓደኛሽ «አጥፊው» አልልሽም። ረቂቁን ብታጠፊው እሱ ያነበበው አይጠፋለትም። እንዲያውም «ለካ የሚደበቅ ነገር ነበር» ብሎ ይደመድማል። «ይልመደው» የሚለውንም ተይው። ልብ ወለድ መሆኑ ለአንባቢዎችሽ እውነት ነው። ለእሱ ግን ግማሽ እውነት ነው፤ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ባታውቂው ኖሮ አትጽፊልኝም ነበር።

እስቲ ረቂቁን አብረን እንየው። ሮማኑ የጎዳው አይመስለኝም። የጎዳችው «እሷን ግን አታክይም» የምትለዋ ናት። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቀየሚኝ። ይህቺን ነገር ከልብሽ ታምኚባታለሽ? ባለቤትሽ እውነት ከሟቹ ያንሳል? ወይስ እንዲያ ካላልሽ ሟቹን የከዳሽው ይመስልሻል? የሞተባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናሉ። አዲስ ሰው መውደድ ሲጀምሩ ውስጣቸው ይረበሻል፤ ያን ጊዜ ሟቹን በአፋቸው ከፍ ያደርጉታል፣ ያለውን ሰው ደግሞ ሳያስቡት ዝቅ ያደርጉታል። አንቺም እንዲህ ሆነሽ እንደሆነ ብቻሽን ስትሆኚ አስቢበት። መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም።

አሁን ወደ ጋሽ ከፈን ምላስ ልምጣ፤ ሰውየውን እኔም ወድጄዋለሁ። አሽሙሩ የመጣው ከባዶ አይደለም። የዴር ኤል መዲና ሰዎች እውነትም ተረበኞች ነበሩ። ነዳፊዎቹ በኖራ ድንጋይ ስባሪ ላይ የሳሏቸው ሥዕሎች እስከ ዛሬ አሉ፤ ድመት አይጥን እንደ እመቤቷ ታገለግላለች፣ ምግብ ታቀርብላታለች፣ ታራግብላታለች። መቃብር ውስጥ ፈርዖንን ከአማልክት ጋር አሰልፈው የሚስሉ እጆች ናቸው ይሄን የሳሉት። ስለዚህ ጋሽ ከፈን የዚያ መንደር ልጅ ነው፤ አፉን አትንኪበት።

ግን አንቺው ራስሽ «ይጠይቀኛል፤ በቀልድ አልፈዋለሁ» ብለሽኛል። የእሱ አፍ ያንቺ አፍ ነው፣ እህቴ። እሱ ሲያመው ይተርባል፣ አንቺ ሲያምሽ ትቀልጃለሽ። ይሄ ነውር አይደለም፤ ሰው ያመመውን ነገር በቻለው ይሸፍናል። ችግሩ፣ ጋሽ ከፈን ከአሽሙሩ ጀርባ ሚስቱን እንዲያስታውስ ፈቀድሽለት፤ አንቺ ግን ለራስሽ አልፈቀድሽም። ባለቤትሽም የቀረለት ቀልዱ ብቻ ነው።

ከዚያው መንደር የተገኘ አንድ ነገር ላሳይሽ፤ ለገጸ ባሕርይሽም ለራስሽም ይሆናል። ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አንድ ትልቅ የኖራ ድንጋይ አለ። የቀሪ መዝገብ ነው፤ በዳግማዊ ራምሴስ 40ኛ የንግሥና ዓመት የተጻፈ። አርባ የሚሆኑ ሠራተኞች ስም ተደርድሯል። ከየስሙ ጎን የቀረበት ቀን በጥቁር ቀለም፣ ከቀኑ በላይ ደግሞ የቀረበት ምክንያት በቀይ ቀለም ሰፍሯል። አንዱ ጊንጥ ነድፎት ነው። አንዱ ዓይኑን ታሞ። አንዱ ቢራ ሲጠምቅ። አንዱ ሚስቱ ወይም ልጁ የወር አበባ ላይ ስለሆነች። አንዱ ደግሞ የሞተች እናቱን ሲከፍን። ስም፣ ቀን፣ ምክንያት፤ ሌላ ምንም የለበትም። እኔ በበኩሌ ስለዚያ መንደር ሰዎች ካነበብኩት ሁሉ እንደዚህ ቅርብ ሆኖ የተሰማኝ የለም።

ለጋሽ ከፈን የፍቅር ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ይሻላል እላለሁ። ስለ ዘላለማዊ ፍቅር ረጅም ንግግር ብትሰጪው ከአፉ ጋር አይሄድም። ንግሥትም ልዕልትም አታምጪለት። መንደሩ የሠራተኛ መንደር ነው፤ ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቁ፣ ደመወዙ እህል፣ ምግቡ ዳቦና ቢራ። ሠራተኞቹ በሥራ ቀናት ኮረብታው ላይ ባሉ የድንጋይ ጎጆዎች ያድሩ ነበር፤ ሳምንታቸው አሥር ቀን ነው፤ ወደ ቤታቸው የሚወርዱት ዕረፍት ሲደርስ ነው። ናፍቆት ለመጻፍ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ? ጋብቻቸውም ድግስና ካህን ያለበት ሥነ ሥርዓት ሆኖ አይታይም። ከመንደሩ በተረፈ አንድ ጽሑፍ ላይ አንድ ሠራተኛ ጥቅሉን ተሸክሞ ወደ አማቱ ቤት ሄዶ ልጅቷን ሚስቱ እንዳደረጋት ይናገራል። ፍቺም ነበረ። ሴቷ በትዳር ካፈሩት ንብረት አንድ ሦስተኛው የእሷ ነው። እና ሚስቱን የራሷ ንብረት፣ የራሷ አፍ፣ የራሷ ቁጣ ያላት ሴት አድርጊያት። ጋሽ ከፈንን በአሽሙር የምትረታው እሷ ብትሆን እንዴት ደስ ባለኝ! ከዚያ በመዝገቡ ላይ አንድ የቀረበት ቀን ይኑር። በሁሉ ነገር የሚቀልደው ሰውዬ ስለዚያች ቀን ሲጠየቅ ምክንያቱን ብቻ ይናገር፤ ሚስቴን እየከፈንኩ ነበር ይበል።

ቁጣ ካልኩ አይቀር፣ ደብዳቤሽ ውስጥ በፍጥነት ያለፍሽው አንድ ነገር አለ። «እንዳልጨነቅ ብሎ ደበቀኝ፤ ሳውቅ ጊዜው አልፎ ነበር» ብለሽ ወዲያው ወደ ብርቱካኑ ሄድሽ። እዚያ ላይ ቆም በይ። ተቆጥተሽው ታውቂያለሽ? የሞተ ሰው አይወቀስም ብለሽ ውጠሽው እንደሆነስ?

ሆላንድ ውስጥ፣ ላይደን ከተማ ሙዚየም፣ ሚስቱ የሞተችበት አንድ ግብፃዊ ለራሷ ለሟቿ የጻፈላት ደብዳቤ አለ። የሴትዮዋ ስም አንኺሪ ነው። ፓፒረሱ ከአንዲት ሴት ትንሽ ሐውልት ጋር ታስሮ ነበር። ያን ጊዜ ለሙታን መጻፍ የተለመደ ነገር ነው፤ ሟቹ ያነባል ብለው ያምኑ ነበር። ደብዳቤው ግን እንደምትጠብቂው የናፍቆት ደብዳቤ አይደለም፤ ወቀሳ ነው። ምን በደልኩሽና ነው እንዲህ ያለ ክፉ ነገር ውስጥ የጣልሽኝ ይላታል። ወጣት ሆኜ አገባሁሽ፣ ሹመት ሳገኝ አልተውኩሽም፣ ስትታመሚ ሐኪም አመጣሁልሽ፣ ስትሞቺ አለቀስኩ፣ ለከፈንሽ ጨርቅ ሰጠሁ፣ ይሄው ሦስት ዓመት ሌላ ሴት ሳልጠጋ ብቻዬን ተቀመጥኩ እያለ አንድ በአንድ ይቆጥርባታል። እዚያ ባለው ዓለም፣ በአማልክቱ ችሎት ፊት እንደሚከሳትም ይነግራታል።

ይሄን ሰውዬ ሳስበው ሆዴ ይላወሳል። ይወዳታል፤ ተቆጥቷል፤ እንድትለቀውም ይፈልጋል። ሦስቱም አንድ ደብዳቤ ውስጥ ናቸው። አንቺም ለእጮኛሽ አንድ ደብዳቤ ጻፊለት። ለአንባቢ ሳይሆን ለእሱ። በእጅሽ፣ በወረቀት። «ለምን ደበቅከኝ?» ብለሽ ጀምሪ። ማሳመር የለበትም፣ ሥርዓት መጠበቅም የለበትም። ልታለቅሺ ትችያለሽ፤ አልቅሺ። ይሄን ከማድረግሽ በፊት ቀጣዩን ክፍል አትንኪው። አንባቢ ሁለት ሳምንት ቢጠብቅ ምንም አይሆንም። አሁን ጋሽ ከፈን የሚሸከመው ግማሹ ያንቺ ነው፤ ያንቺን ከወሰድሽለት በኋላ የእሱን ታሪክ በደንብ ታዪዋለሽ ብዬ አስባለሁ።

ግብፆች ራሳቸው የተረኩት አንድ ተረትም ትዝ አለኝ። ሰትኔ የሚባለው ልዑል አንድ የምትሐት መጽሐፍ ፍለጋ መቃብር ይገባል። ባለመቃብሩ ነነፈርከፕታህ ሞቷል፤ ግን ቁጭ ብሎ ያወራል፤ ልዑሉን በገበጣ ዓይነት ጨዋታ ደጋግሞ ይረታውና በየተራው ወደ መሬት ያሰምጠዋል። ሚስቱ አህዌሬም መንፈሷ አጠገቡ ነው፤ እሷና ልጃቸው የተቀበሩት ግን ሩቅ አገር፣ ኮፕቶስ ነው። በመጨረሻ ያ የማይረታ ሬሳ ከልዑሉ የሚፈልገው አንድ ነገር ሆኖ ተገኘ፤ ሚስቴንና ልጄን ካሉበት አምጥተህ አጠገቤ ቅበርልኝ ነው። ሩቅ ያለ መቃብር ስል ያንቺም አዲስ አበባ መሆኑ መጣብኝ። ከሄድሽ ወዲህ መቃብሩ ጋ ደርሰሽ ታውቂያለሽ? ካልደረስሽ፣ አንድ ቀን አገር ቤት ስትገቢ መሄድ ትፈልጊያለሽ? ከማን ጋር? እዚህኛው ጥያቄ ላይ ባለቤትሽም ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ወደዚያ ከመድረሳችሁ በፊት ግን መነጋገር አለባችሁ።

እንዴት ትጀምሪው? እኔ ብሆን ሁለታችሁም ሥራ የሌላችሁበት ቀን መርጬ፣ ቡና አፍልቼ፣ ስልኮቹን ዞር አድርጌ እቀመጣለሁ። «ልብ ወለድ እኮ ነው» ብለሽ አትጀምሪ፤ መከላከል ይመስላል። «ያን ቀን ምን አገኛለሁ ብለኸኝ ነበር፤ ሳልመልስልህ ቆየሁ፤ አሁን ልመልስልህ» በይው። ከዚያ በቀልድ ስታልፊው የኖርሽውን ንገሪው። የሰውየውን ስም። እንዴት እንደተዋወቃችሁ። በሽታውን እንዴት እንደደበቀሽ። ብርቱካኑን። ሁሉንም በአንድ ቀን መጨረስ የለብሽም፤ ግን የምትናገሪው ነገር ውስጥ ቀልድ አይግባበት። ቀልዱ ሲመጣብሽ ይታወቅሻል። ዝም በይና ይለፍ።

ቀጥሎ የእሱን ድርሻ ንገሪው፤ ይሄኛው እንዳይረሳሽ። በደፈናው «አንተም ጥሩ ነህ» ማለት ያው «ደግ ነሽ» እንደምትለዋ የረቂቅሽ ዓረፍተ ነገር ነው። ደግ መባል ያላጠገበው ሰው ነው። ምኑን ነው የምትወጂለት? ስትደክሚ ምን ያደርግልሻል? ለማንም ያልነገርሽው፣ የእሱ ብቻ የሆነ ምን ልማድ አለው? ደብዳቤሽ ውስጥ ስለ ሟቹ ብርቱካኑን ነገርሽኝ፤ ስለ ባልሽ ግን «ጥሩ ሰው» ብለሽ አለፍሽ። ይህን ያልኩሽ ልወቅስሽ ብዬ አይደለም። የሞተ ሰው ነገሩ በሙሉ ትዝታ ስለሆነ እያንዳንዷ ነገር ትታያለች፤ አጠገባችን ያለውን ሰው ግን ለማየት ትንሽ መልፋት ይጠይቃል። እስቲ ከዛሬ ጀምረሽ እየው።

«አሁንም ትወጂዋለሽ?» ብሎ ሊጠይቅሽ ይችላል። አዎ ከሆነ አዎ በይ። የሞተን ሰው መውደድ ካለው ሰው ላይ የሚቀነስ አይደለም፤ አንቺ ግን ይሄን በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ስላልነገርሽው እሱ በራሱ ሂሳብ ሲያሰላ ኖረ። ከዚያች መንደር አንዲት ሴት ልጥቀስልሽ፤ ለባለቤትሽም ልትነግሪው ትችያለሽ። ስሟ ናውናኽት ነው። በወጣትነቷ በዕድሜ በጣም የሚበልጣትን ቀንሄርኸፐሸፍ የሚባል የመንደሩን ጸሐፊ አገባች፤ እሱ ሞተ። ከዚያ ኻዕምኑን የሚባል ሠራተኛ አግብታ ስምንት ልጆች አሳደገች። በአምስተኛው ራምሴስ 3ኛ የንግሥና ዓመት ችሎት ፊት ቀርባ የተናገረችው ኑዛዜ እስከ ዛሬ ተርፏል፤ በእርጅናዬ ያልጦሩኝ ልጆቼ ከንብረቴ አያገኙም አለች፤ ባሏም በኑዛዜው ተስማማ። እና ከጦሯት ልጆች አንዱ፣ ከድርሻው በላይ የነሐስ ሳህን የጨመረችለት፣ ስሙ ቀንሄርኸፐሸፍ ነው። የመጀመሪያ ባሏን ስም ለሁለተኛው ባሏ ልጅ አወጣችለት ማለት ነው። ኻዕምኑን ያንን ስም በቤቱ ውስጥ በየቀኑ ሲጠራው ኖረ። ልጄ፣ ና ብላ ሲል የሚጠራው በሟቹ ስም ነው። እኔ ይሄን ሳነብ ያ ቤት ስለ ሟቹ የሚወራበት ቤት እንደነበር ነው የታየኝ። ያንቺም ቤት እንዲያ መሆን ይችላል፤ ለባለቤትሽ ስሙን እንኳ ከነገርሽው።

ካወራችሁ በኋላ፣ ፈቃደኛ ከሆነ፣ ሙዚየሙ እዚያው ከተማችሁ ውስጥ ነው፤ አብራችሁ ሂዱ። የዚያው መንደር የሥራ አለቃ የነበረውን የኻንና የሚስቱን የሜሪትን ክፍል አንቺ ሳታዪው አትቀሪም። መቃብራቸው እዚያው መንደር በ1906 ተገኝቶ ዕቃው ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ቶሪኖ መጥቷል። ሜሪት ቀድማ ነው የሞተችው፤ የተቀበረችው ለኻ ለራሱ በተሠራ የሬሳ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ሰፍቷት ስለነበር ክፍተቱ በጨርቅ ተሞልቶ ተገኘ። ዊጓ ከነሣጥኑ እዚያው አለ። ጋሽ ከፈንን ከየት እንዳመጣሽው ለባለቤትሽ አሳይው። ረቂቁን ከጀርባሽ ያነበበ ሰው ሆኖ እንዳይቀር፣ ሥራሽን አብሮሽ የሚያይ ሰው ይሁን። ስለ ታሪኩ ሐሳብ ካለው ስሚው። «ይሄን አታውጪው» የሚለው ነገር ካለ የትኛውን እንደሆነ በትክክል ጠይቂው፤ ብዙ ጊዜ ከምንፈራው ያነሰ ነው። በእኔ በኩል «አታክይም» የምትለዋ ትውጣ እላለሁ፤ ለትዳርሽ ብቻ ሳይሆን ለታሪኩም ብዬ። የሙዚየሟ ሴትዮ ከሟች ጋር እየተለካች የምትኖር ከሆነ አንባቢሽም ያዝንባታል፤ ጋሽ ከፈንም ከተከፈነበት አይወጣም።

ሮማኑን በተመለከተ፣ ከታናሽ እህቱ ጋር ተነጋገሪ። ከሌሎች አንባቢዎች ጋር እኩል አንብባ እንድትደነግጥ አታድርጊ። ደውዪላት። «ወንድምሽን የሚመስል ነገር እየጻፍኩ ነው፤ ከመውጣቱ በፊት ላንብብልሽ?» በያት። ደስ ብሏት ልታለቅስ ትችላለች፣ ቅር ሊላትም ይችላል። «እናታችን ብትሰማ ይከብዳታል» ካለችሽ ሮማኑን በሌላ ነገር ቀይሪው፤ ለሚስቱ ጫማዋን ይስፋላት፣ ምንም ሊሆን ይችላል። ሁሉም እውነት ታሪክ ውስጥ መግባት የለበትም። ብርቱካኑ ከአንቺና አሁን ከምትነግሪያቸው ሁለት ሰዎች ጋር ቢቀር ጋሽ ከፈን የሚጎድልበት የለም።

ባለቤትሽ የመጀመሪያው ቀን ላይ ዝም ቢልሽ አትደንግጪ። አራት ዓመት ያልተሰማ ነገር በአንድ ቡና አያልቅም፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ራሱ ይመለስበት ይሆናል። ሳምንታት አልፈው ጭጭታው ካልተነቃነቀ ግን ሁለታችሁም የምታምኑትን አንድ ሰው፣ የንስሐ አባትም ሆነ በጋብቻ ላይ የሚያማክር ባለሙያ፣ አብራችሁ አነጋግሩ። ለብቻሽ አትሸከሚው።

ከሁሉ በፊት ግን ያ በእጅ የሚጻፈው ደብዳቤ ይቅደም። ከዚያ ቡናው፣ ከዚያ ስልኩ፣ ከዚያ ረቂቁ። ባለቤትሽ ምን እንዳለ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።